ማህተም ያለውን ወስዳችሁ ደብተሩን ለምን ተዋችሁት?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ ጸሐፊ በጋዜጣችሁ ላይ ቤተሰቦች በእጃቸው ያሉትን የቆዩ ሰነዶች ለታሪክ ማእከላትና ለቤተ መዛግብት እንዲሰጡ ለምነው ነበር። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ግን የመከሩት ሰጪውን ብቻ ነው። ተቀባዩንም የሚመክር ያስፈልጋል። እኔ በሁለቱም በኩል ስላለፍኩ ትንሽ ልበል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። ገቢ ደብዳቤ እየመዘገብኩ፣ ወጪ ቁጥር እየሰጠሁ፣ የጠፋ ፋይል እየፈለግኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ከጡረታ በኋላ ደግሞ የአባቴን ሳጥን ይዤ፣ እንደ ሰጪ፣ አንድ የታሪክ ማእከል ሄጃለሁ። የማእከሉን ስም አልጠራም። ሌሎቹም ከእሱ ብዙ እንደማይለዩ ሰምቻለሁ።

አባቴ በቢቸና አውራጃ፣ እነማይ ውስጥ፣ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ወጣት አንባቢዎች አጥቢያ ዳኛ ምን እንደሆነ ላታውቁ ትችላላችሁ። በ1940 ገደማ በአዋጅ የቆመ ሥልጣን ነው። ከዳኞች ሁሉ ዝቅ ያለው ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ከ25 ብር በላይ የሆነ ክርክር አይሰማም። በወንጀል ደግሞ ከ15 ብር በላይ መቅጣት አይችልም። መጀመሪያ ያስታርቃል፣ እምቢ ካሉት ይፈርዳል። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የገበሬ ማኅበርና የፍርድ ሸንጎ እስኪመጣ ድረስ፣ የገበሬው የዕለት ተዕለት ጠብ የሚያልቀው እዚህ ነበር።

አባቴ ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ስለነበሩ ሁሉንም በራሳቸው እጅ ይጽፉ ነበር። ሲሞቱ ሳጥናቸው ለእናቴ ቀረ። እናቴ ደብረ ማርቆስ እኔ ጋ ስትመጣ ሳጥኑም አብሮ መጣ። እሷም ስታልፍ ለእኔ ቀረ። ውስጡ የሹመት ደብዳቤያቸው አለ። ለአያቴ የተጻፈች፣ የጎጃም ገዢ የነበሩት የራስ ኃይሉ ማህተም ያለባት አንዲት አጭር ደብዳቤ አለች። አባቴ ከአውራጃ ሹሞች ጋር ቆመው የተነሱት ፎቶ አለ። ከዚያ የዳኝነት ደብተሮቹ፣ በስፌት ክር የታሰሩ የግብር ደረሰኞች፣ ስለ ርስት የተጻፈ አንድ ረጅም የዘር ቆጠራ፣ ከሥሩ ደግሞ የእናቴ ነገሮች። የእድር ደብተር፣ የቀበሌ የስኳርና የሳሙና ኩፖን፣ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷ።

ማእከሉ ውስጥ የተቀበሉኝ ልጆች ጨዋዎች ናቸው። ወንበር ሰጡኝ፣ ቡና አስመጡልኝ። ጓንትም አድርገዋል፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ሳጥኑን ከፍተው ለሁለት ይለዩት ጀመር። የራስ ኃይሉን ደብዳቤ ሲያዩ ተጠራሩ። የሹመት ደብዳቤውንና ፎቶውንም ወሰዱ። ቀሪውን መልሰው ሳጥኑ ውስጥ አስገቡና፣ «እማማ፣ ይሄኛው እንኳ ብዙም ታሪካዊ ይዘት የለውም፣ ለማስታወሻ ቤት ይሁንልዎት» አሉኝ።

ዝም ብዬ አልመጣሁም። መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ ዝም አይልም። ተከራከርን። «ቦታ የለንም» አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ቦታ ማጣት አንድ ነገር ነው፤ ታሪካዊ ይዘት የለውም ማለት ሌላ ነው።

የተወሰደችው የራስ ኃይሉ ደብዳቤ ምን እንደምትል ልንገራችሁ። ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው ያለባት። በቅሎዋ ለምን ዘገየች፣ ቶሎ ትላክ። አለቀ። ማህተሟ ያምራል፣ ወረቀቷም ወፍራም ነው። እኔም እወዳታለሁ። ግን ስለ እነማይ ከበቅሎዋ በቀር የምትነግረን ነገር የለም።

ደብተሩ ግን ሌላ ነው። አንዱ ከሌላው በሬ ይዋሳል። ሲያርስበት የበሬው እግር ይሰበራል። ባለ በሬው 25 ብር ይክፈለኝ ይላል። ተከሳሽ ደግሞ በሬው ታርዶ ሥጋውን መንደሩ ተካፍሏል፣ ባለ በሬውም ብሩን ተቀብሏል፣ ያ ይቀነስልኝ ይላል። አባቴ ሽማግሌ ጨምረው ያስታርቃሉ። ቀጥሎ ንብ ከአንዱ ቀፎ ወጥቶ የጎረቤት ጓሮ ይሰፍራል። የማን ነው? ቀጥሎ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስድብ። ቀጥሎ የአንድ ቁና ጤፍ ብድር። በየመዝገቡ ግርጌ ዋሱ ማን እንደሆነ፣ እማኞቹ እነማን እንደነበሩ ተጽፏል። ዋስ የሚሆነው ማን ነው? ማን ለማን ዋስ አይሆንም? የመንደሩ ዝምድናና ኩርፊያ ሁሉ እዚያ ላይ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከክርክሮቹ ብዙዎቹ 25 ብር ላይ ይቆማሉ። 26 የለም፣ 30 የለም። የሰዉ ሁሉ ጉዳት እኩል ሆኖ አይደለም። ከ25 ካለፈ ጉዳዩ ከአባቴ እጅ ይወጣል፣ ቢቸና ድረስ መመላለስ ይመጣል፣ ስንቅና ጉቦ ይመጣል። ስለዚህ ባላገሩ የሁለት በሬ ዋጋ ቢከስርም 25 ብሎ ይከስሳል። ማንበብ የማይችል ገበሬ አዋጁን ከነቁጥሩ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ይሄን የትኛው ማህተም ያለው ደብዳቤ ይነግረናል?

ከሥልጣናቸው በላይ የመጣውንም አባቴ አይተዉም፤ ይጽፉታል። አንዲት ሴት ወንድሟን በርስት ከሰሰች። አባቴ «ከሥልጣኔ በላይ ነው» ብለው ወደ ላይ መሩት። ግን ሴትየዋ ያለችውን ቃል መዝግበውላታል። በእናቷ በኩል መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ቆጥራ ነው የተከራከረችው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም እንደሚወረስ ታሪክ የተማሩ ሁሉ ያውቃሉ። ያቺ ሴት ግን ቆማ ስትከራከርበት የማገኛት እዚህ ደብተር ላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የእኛ ቤት የዘር ቆጠራም ለእንዲህ ያለው ክርክር የሚሆን ወረቀት ነው። አያቴ የወገናቸው ፈጅ ነበሩ፤ ማለትም ስለ ርስቱ ለወገኑ ሁሉ የሚቆም ሰው። ወረቀቱ ላይ ከወንዶቹ መሀል የሴት አያቶች ስም ተሰክቷል። የመሬት መብት ያለፈው በእነሱ በኩል ስለሆነ ሊዘሉ አልቻሉም።

አሁን ወደ ደረሰኞቹ። እነዚህን ማንም ሊወስዳቸው አልፈለገም፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወዳቸው እነሱን ነው። በዓመት ተራ ታስረዋል። 1957 አለ፣ 1958 አለ፣ 1959 አለ። 1960 የለም። 1961ም የለም። ጠፍተው ይሆን ብዬ ደብተሩን ገለጥኩ። ደብተሩም በዚያው ጊዜ ወራት ሙሉ ባዶ ነው። አንድም ከሳሽ አልመጣም። በ1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም መሬታችን ሊለካ ነው ብሎ ተነሣ። ቢቸናና ሞጣ ከዋነኞቹ ናቸው። ግብር አንከፍልም ተባለ፣ ጦርም ተላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሡም የቆየውን ውዝፍ ግብር ማሩ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። እነማይ ውስጥ ግን አንድ ቤት ግብር እንዳልከፈለ፣ መንደሩም የንጉሡን ትንሽ ዳኛ ደጃፍ መርገጥ እንደተወ የሚያሳዩት የሌሉት ደረሰኞችና ባዶዎቹ ገጾች ናቸው። ያውም ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ብቻ ነው የሚገባው። ደረሰኙን ለብቻው ያየ ጠፋ ይላል። ደብተሩን ለብቻው ያየ ዳኛው ታመሙ ይላል።

ለማእከሉ ልጆች የነገርኳቸው ይሄንኑ ነው። አንድ ቤት የወጣ ወረቀት አይከፋፈልም። መዝገብ ቤት ገብቶ ከአንድ ማኅደር ጥሩ ጥሩውን ደብዳቤ መርጦ የሚያወጣ ሠራተኛ ቢኖር እኮ ያስቀጣል። ገጽ ቁጥር የሚሰጠው ለምንድን ነው? የታሪክ ማእከል ሲሆን ግን መምረጥ ዕውቀት ይመስለናል።

«የቤተሰብ ወረቀት ምን ያህል ይጠቅማል?» የሚል ካለ ነቀምቴን ይመልከት። የሞረዳ በከሬ ቤተሰብ የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች ነበሩ። ልጃቸው ኩምሳ፣ ክርስትና ሲነሡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ያስቀምጡ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ የመጣውም እዚያ ውስጥ አለ። የወርቅ ግብር ጉዳይ፣ የአስተዳደር ጉዳይ፣ የዕለቱ ትእዛዝ። የታሪክ ምሁራኑ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታኣ እነዚህን የአማርኛ ሰነዶች ሰብስበው ለንባብ አብቅተዋል። ዛሬ ስለ ወለጋ የሚጽፍ ሰው ያለ እነሱ አይጽፍም። ደብዳቤ አንድ በአንድ ሲታይ ተራ ነገር ነው። ይሄን ያህል ወርቅ ደረሰኝ፣ ያን ላክ፣ ይሄን ጠብቅ። አንድ ላይ ተሰብስበው በዘመን ሲሰለፉ ግን ማእከላዊው መንግሥት ክፍለ ሀገሩን እንዴት እንደያዘው ይታያል። ያ ቤተሰብ ደግሞ ትልቅ ቤተሰብ ነው። የአጥቢያ ዳኛ ቤትስ? ከታች ያለውን የሚያሳየው ይሄኛው ነው።

ሐረር ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉት ሰው ሲጀምሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበራቸውም። የከተማውን ሰው እየጠየቁ መጻሕፍቱን፣ ሳንቲሙን፣ ወረቀቱን፣ የዘፈን ካሴቱን ሳይቀር በገዛ ቤታቸው ሰበሰቡ። አሁን ስብስቡ ጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ነው ያለው። ሰዉ ለምን አመናቸው? ጎረቤታቸው ስለሆኑ ይመስለኛል። የሰጠውን ነገር ሄዶ ያየዋል። ልጁን ይዞ ሄዶ «ይሄ የአያትህ ነበር» ይላል። የኛ ማእከላት ግን ከተቀበሉ በኋላ ሰጪውን አያውቁትም።

እዚህ ላይ አንድ የመዝገብ ቤት ነገር ላንሣ። እነዚያን ሦስት ሰነዶች ሲወስዱ የመረከቢያ ደረሰኝ ጠየቅኩ። ሳቁ። «እማማ፣ ስምዎን ጽፈነዋል እኮ» አሉኝ። በመንግሥት ቤት አንድ ካርቶን እስክሪብቶ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል። ሲወጣ ሞዴል 22። የመቶ ዓመት ወረቀት ሲገባ ምንም የለም? ነገ ኃላፊው ይቀየራል፣ ማእከሉ ሌላ ሕንፃ ይገባል፣ ያቺ ደብዳቤ የማን እንደነበረች፣ ከየትኛው ቤት እንደመጣች፣ ከምን ጋር ታስራ እንደኖረች የሚያውቅ አይኖርም። «የራስ ኃይሉ ደብዳቤ፣ ምንጩ ያልታወቀ» ተብላ ትቀራለች። ከዚያ ደግሞ ገበያ ላይ ብትገኝ ምን ብዬ የኔ ነበረች እላለሁ?

ዋናውን መስጠት የማይፈልግ ሰውም አለ፤ መብቱ ነው። ለሱም መላ አለው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም ሲነሡ መጽሐፉ ለባለቤቱ ነው የቀረው። ፎቶው አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ከ9000 በላይ መጻሕፍት እንዲህ ተነሥተዋል። ነፍሳቸውን ይማረውና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እነሱን ዘርዝሮ በመመዝገብ ነው። ከእነዚያ የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ስንቱ የርስት ሽያጭ፣ ስንቱ ኑዛዜ ተገኘ። በ1960ዎቹ በዚያ ሁሉ ፊልም የተቻለ ነገር ዛሬ ስካነር ባለበት ዘመን እንዴት ያቅታል? ደብተሩን አንሡት፣ ቅጂውን አስቀምጡ፣ ደብተሩን መልሱልኝ። ቦታ የለንም ላላችሁት መልሱ ይሄ ነው። ሲነሣ ግን ከነሽፋኑ፣ ከነባዶ ገጹ ይነሣ። ባዶው ገጽ ምን እንደሚናገር ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ቤተሰቦችም እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉ። ይሄ የከተማ በሽታ ሆኗል። የአያት ወረቀት የተገኘ እንደሆነ ሮጦ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ሮጦ ላሚኔት። ያ ፕላስቲክ በሙቀት ነው የሚጣበቀው፤ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ አይቻልም። በስኮችም አታጣብቁ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይበላዋል። ስፒልና ክሊፕ አውጡ፣ ይዝጋሉ። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ከመሬት ከፍ አድርጉ፣ ከኩሽና አርቁ። በሞባይል ፎቶ ያነሣችሁም ፎቶው ላይ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ ካልጻፋችሁ ከመቶ የልደት ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል።

የመሥሪያ ቤቶቹን ነገር ባላነሣው ደስ ባለኝ፣ ግን አይታለፍም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ቁጥር ያለው፣ ፊርማ ያለው ደብዳቤ ገበያ ላይ ቆሎ ሲጠቀለልበት አይቻለሁ። ቀጥሎ አውራጃ የሚባለው ሲቀር የአውራጃዎቹ ፋይል ወራሽ አጣ። ወረዳው የኔ አይደለም አለ፣ ዞኑም ቦታ የለኝም አለ። የመሬት ክርክር፣ የትምህርት ቤት ምሥረታ፣ የወረርሽኝ ሪፖርት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን ያቋቋመው አዋጅ 179/1991 የመንግሥት ሰነድ እንደልብ እንዳይወገድ ያዛል። አዋጁን ግን ሊያስወግድ የተነሣ ኃላፊ አያነበውም፤ ቁራሌው ደጁ ላይ እየጠራ ነው። የመንግሥቱ ፋይል እንዲህ ከሆነ፣ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያለው የግለሰብ ደብተር ዋጋው እጥፍ ነው። የአባቴ የበላይ የነበረው ፍርድ ቤት መዝገብ ዛሬ የት እንዳለ ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም።

የግለሰብ ወረቀትም ቢሆን በራሱ መከራ አልፏል። ታላቅ ወንድሜ በ1967 ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሄዶ ይጽፍልን የነበረውን ደብዳቤ ሁሉ እናቴ በ1970 ምድጃ ውስጥ ጨምራዋለች። አልፈርድባትም። ያኔ ወረቀት ሰው ያስበላ ነበር። የርስት ወረቀትም መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላ «ባላባት» እንዳያስብል በብዙ ቤት ውስጥ ተቃጥሏል። ስለዚህ ዛሬ የተረፈው በአጋጣሚ የተረፈ ነው። ከአጋጣሚ የተረፈውን እንደገና ታሪካዊ ይዘት አለው የለውም እያሉ ማበጠር አይከብድም?

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ፤ ማእከሎቹም ያስቡበት። ደብተሩ ውስጥ የሰው ገመና አለ። ማን ሰረቀ፣ ማን ተሰደበ፣ ማን በሐሰት መሰከረ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ገበያ ላይ ሰላም ይሉኛል። ስለዚህ ፌስቡክ ላይ ይለጠፍ እያልኩ አይደለም። ለጥናት ይከፈት፣ ስም ግን ለተወሰኑ ዓመታት ይሸፈን፤ የስንት ዓመት እንደሆነ ከሰጪው ጋር ተነጋግረው ይጻፉት፣ ይፈራረሙበት። የእናቴ የእድር ደብተርም እንዲሁ ነው። ማን መዋጮ አጥቶ ስንት ወር እንደቀረበት፣ ሴቶቹ እንዴት ሸፍነው እንዳለፉለት ተጽፏል። ያን ያነበበ ሰው በደርግ ዘመን ደብረ ማርቆስ ኑሮ እንዴት እንደነበረ ከኩፖኑ ጋር አገናኝቶ ይረዳል። ባለ ዕዳዎቹን ግን ማሳፈር አያስፈልግም።

የወሰዳችኋቸውን ሦስት ሰነዶች መልሱልኝ አልልም። ወንድሞቻቸውን ግን ውሰዱላቸው። ወይም መጥታችሁ አንሡ። ማእከሉ ይሄን ካነበበ፣ ወይም ሌላ ሙሉውን የሚቀበል ቤተ መዛግብት ካለ፣ ስልኬ ዝግጅት ክፍሉ ጋ አለ። የሳጥኑን ዝርዝር በሁለት ቅጂ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የመረከቢያ ፊርማ ቦታውም ከታች ተሠምሯል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ደብረ ማርቆስ
(ስሜን ዝግጅት ክፍሉ ያውቀዋል)